ያገለገለ ላንድክሩዘር በሐይቅና በደሴ ዳገት ሲመዘን

ያገለገለ ትልቅ የመስክ መኪና ለሽያጭ ሲቀርብ ደላላው አስቀድሞ የሚጠራው የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ቁጥር ነው። ለእኔ ግን መጨረሻ ላይ የሚታይ ነገር ነው። ቆጣሪው ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቆጥራል እንጂ ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደጋለ አይመዘግብም፤ ወደ ኋላ መመለሱም ለሚያውቅበት ሰው ቀላል ሥራ ነው። በሐይቅ፣ በውጫሌና በአምባሰል ገጠር መኪና የሚያስረጁት ዳገቱ፣ ቁልቁለቱ፣ አቧራውና ስስ አየሩ ናቸው። የሚገዛም ሰው መኪናውን መመዘን ያለበት በእነዚሁ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ ያሳስባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ላንድክሩዘር ከእጅ ወደ እጅ መዘዋወሩን ይቀጥላል። ከመሥሪያ ቤት ወይም ከእርዳታ ድርጅት በጨረታ የወጣ መኪና ብዙ ሾፌር ተፈራርቆበት ይሆናል፤ ነገር ግን የጥገና ፋይሉ አብሮት ከተገኘ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ ቴስታታው ተከፍቶ እንደሆነ፣ ቺንጋው መቼ እንደታሰረ በቀን ተጽፎ ይገኛል። እንዲህ ያለ ፋይል ላለው መኪና ጥቂት ገንዘብ መጨመር ተገቢ ነው።

ሐይቅ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። 30 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። በ2,000 ሜትር ከፍታ የአየር እፍጋት ከባሕር ወለሉ 82 በመቶ ያህል ነው፤ ደሴ ላይ ወደ 78 በመቶ ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በላንድክሩዘር ላይ በሰፊው የሚታወቀው ዋን ኤች ዜድ፣ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው ባለ 4.2 ሊትርና ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር፣ ባሕር ዳርቻ ላይ 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። ሐይቅ ሲደርስ 105 አካባቢ ይቀረዋል። ገዢ «ጉልበት የለውም» ብሎ የሚተወው ሞተር ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

ጭሱም በዚሁ ዓይን ይታያል። ናፍጣ የሚረጨው ፖምፓ ለባሕር ወለል አየር ተለክቶ ከሆነ፣ ደጋ ላይ ናፍጣው ከአየሩ ይበልጥና ዳገት ሲወጣ ጥቁር ጭስ ይታያል። ጥቁር ጭስ ብቻውን ሞተር አያስጥልም፤ የአየር ፊልትሮ መቀየርና ፖምፓ ማስለካት ሊያስተካክለው ይችላል። የሚያስፈራው ሰማያዊው ነው፤ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ነጭ ጭስ በብርዳማ ጠዋት ለአፍታ ታይቶ ቢጠፋ ችግር የለውም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለ ግን ውኃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መኪናውን ማየት በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ነው። ገዢው ኮፈኑን በእጁ ዳስሶ ትኩስ ሆኖ ካገኘው በሌላ ማለዳ ይመለስ፤ ቀድሞ የሞቀ ሞተር የማሞቂያ ካንዴላን ድካምና የሲሊንደርን መላላት ይሸፍናል።

የሲሊንደሮችን የመጭመቅ ኃይል በጌጅ ማስለካት ገንዘቡ የማይቆጭ ምርመራ ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩን ማንበብ ማወቅ ይጠይቃል። በአምራቹ መጽሐፍ የተጻፈው መደበኛ ቁጥር የባሕር ወለልን የአየር ግፊት ታሳቢ ያደርጋል። ሐይቅ ላይ የሚገባው አየር ግፊቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ስላነሰ፣ የማይነቀፍ ሞተርም ከመጽሐፉ በታች ያነባል። ስለዚህ ስድስቱ ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው መቀራረባቸው ይታይ። አምስቱ ተመሳስለው አንዱ በጣም ዝቅ ካለ ችግሩ ከፍታው አይደለም፤ ከፍታ ስድስቱንም እኩል ነው የሚነካው።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ሙቀትን ነው። ሐይቅ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። ጤነኛ ሞተር የሚሠራበት ሙቀት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ውኃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊት አምቆ የመፍያ ነጥቡን 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ላስቲኩ የደረቀ አንድ ርካሽ ክዳን ይህን ሁሉ ያሳጣል። ሾፌሩ ዳገቱን እየገፋ ሳለ ውኃው ይፈላል፤ በእንፋሎት የተከበበው ብረት አይቀዘቅዝም፤ ቴስታታው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ዋን ኤች ዜድ ደግሞ ጥንካሬው የተመሰከረለት ሞተር ቢሆንም የጋለ ጊዜ ቴስታታው አይምርም። በኋላ ቱርቦ የተጨመረበት ከሆነ ይህ ስጋት ይብሳል።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑ ይከፈት። ውኃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ወይም ሞተሩ ተነስቶ ደቂቃዎች ካለፉ በኋላም አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል ማለት ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጋራዦች በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚይዙት ሰማያዊ ፈሳሽ አላቸው፤ የቃጠሎ ጋዝ ካገኘው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ከዚያ ክዳኑ ተዘግቶ፣ ሰው ተጭኖበት፣ ከሐይቅ ወደ ደሴ ይውጣ። የሙቀት መርፌው ዳገቱ ላይ ቦታውን ከያዘ፣ ደሴ ደርሶ ሞተሩ ሳይጠፋ ሲቆምም ካልተነሳ፣ ራዲያተሩም የውኃ ፖምፓውም ሥራቸውን እየሠሩ ነው።

መልሱ ቁልቁለት ነው፤ ተራው የፍሬን ነው። ሦስት ቶን የሚመዝን መኪና ከደሴ ወደ ሐይቅ 450 ሜትር ያህል ሲወርድ ወደ ሙቀት መለወጥ ያለበት ኃይል ከ40 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ አፍልቶ ይተርፋል። ከዚህ የሞተሩ ማርሽ ካልተሸከመለት በቀር አብዛኛው የሚያርፈው በፍሬኑ ላይ ነው። በከባድ ማርሽ ሲወርድ ማርሹ ራሱን ከተፋ ካምቢዮው ተበልቷል። ፍሬን ሲያዝ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ በሙቀት ተጣምሟል። እግር ሲረግጠው ፔዳሉ እየሰመጠ ከሄደ ግን ጉዞውም ድርድሩም እዚያው ይቁም።

አቧራን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ከአየር ፊልትሮው በስተጀርባ ያለውን ቱቦ ውስጡን በነጭ ጨርቅ መጥረግ። ጨርቁ አፈር ይዞ ከወጣ ያ አፈር ለዓመታት ሲሊንደሩን ሲሞርድ ኖሯል። የአፈር አሸዋ ሞተሩ ከተሠራበት ብረት የጠነከረ ነው።

በላንድክሩዘር ላይ በ2007 እ.ኤ.አ. የመጣው ባለ ሁለት ቱርቦ የናፍጣ ቪ ኤይት ስስ አየሩን ይቋቋማል፤ ቱርቦው አየሩን አጭቆ ያስገባለታል፤ ዳገት ላይ የሚደርስበትም ጥቂት ነው። ነገር ግን ናፍጣውን የሚረጨው ከ1,500 ባር በላይ በሆነ ግፊት፣ በኮምፒውተር በሚታዘዙ ስምንት ኢንጀክተሮች ነው። በበርሜል ተቀምጦ ውኃ ወይም ቆሻሻ የገባበት ናፍጣ እነዚህን ይገድላል፤ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ደግሞ በቅርብ አይገኝም። ስለዚህ ውሎው በአምባሰል ገጠር ለሆነ ሰው፣ ዋጋቸው ቢቀራረብ እንኳ፣ ቴስታታው ያልጋለ አሮጌ ዋን ኤች ዜድ ከቪ ኤይት ይሻለዋል እላለሁ። ቺንጋው ግን በየ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚቀየር ነው፤ የተቀየረበት ማስረጃ ከሌለ ዋጋው ከመኪናው ዋጋ ላይ ይቀነስ።