በትንሹ ልጅ ፔዳል ልክ ወደ አንኮበር

ከተማ ውስጥ የምናሳድጋቸው ልጆች አገራቸውን የሚያዩት በአብዛኛው በመኪና መስኮት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ልጆች ግን ወይ ስልክ ላይ ናቸው ወይ ተኝተዋል። “ደረስን?” ብለው ሲጠይቁ ከመንገዱ የያዙት ነገር እምብዛም የለም። ያው ልጅ ፔዳል እየመታ ዐሥር ኪሎ ሜትር ቢሄድ ግን ዳገቱን በጉልበቱ፣ ንፋሱን በፊቱ፣ የገብሱን ማሳ በዓይኑ ያስታውሳል።

በብስክሌት ተጉዞ፣ ድንኳን ተክሎ፣ ከልጆች ጋር ሜዳ ላይ ማደር ለብዙዎቻችን የፈረንጅ መዝናኛ ይመስለናል። ነገር ግን ለሸዋ ድንኳን እንግዳ አይደለም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ደብረ ብርሃንን መናገሻቸው እስኪያደርጉ ድረስ የዘመኑ ነገሥታት አብዛኛውን ጊዜ የኖሩት ከቦታ ቦታ በሚዘዋወር የድንኳን ከተማ ነበር። ዛሬ “ሰፈራችን” የምንለው ቃል እንኳ ጦር ከሰፈረበት ቦታ የመጣ ነው፤ ብዙዎቹ የአዲስ አበባ ሰፈሮችም ስማቸውን ያገኙት በዚያ ከሰፈሩት መኳንንትና ተከታዮቻቸው ነው። ይህን ለልጆቻችሁ ድንኳን ውስጥ ሆናችሁ ብትነግሯቸው የታሪክ ትምህርት መሆኑንም ልብ አይሉት።

መጀመሪያ ስልክ

ከብስክሌቱም ከድንኳኑም በፊት የሚቀድመው የመንገዱ ሰላም ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተባባሰው ግጭት ሰሜን ሸዋንም አልማረም። ስለዚህ በአካባቢው ለሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ፣ ለምታርፉበት ሆቴል፣ ለወረዳው አስተዳደር ደውሉ። አንድ ሰው ብቻ ጠይቃችሁ አትርኩ፤ በመነሻችሁ ዕለት ጠዋትም ድገሙት። ከተጠየቁት አንዱ ካመነታ ጉዞው ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ። አዋቂ ለራሱ ሊደፍር ይችላል፤ በልጅ ግን አይደፈርም።

እስከዚያው ልምምዱን ቅርብ አድርጉት። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው “መንገድ ለሰው” ብዙ ልጆች ያለ መኪና ስጋት ብስክሌት የነዱበት ቀን ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ለሳንባም ለጉልበትም ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ከፍታው ከደብረ ብርሃን አያንስም። እዚያ ሁለት ሰዓት ነድቶ እየሳቀ የሚመለስ ልጅ ለአንኮበር መንገድ መዘጋጀት ይችላል።

ሦስት ቀን፣ አርባ ኪሎ ሜትር

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን መንገድ በብስክሌት አታስቡት። ወደ ደሴ የሚወስደው ዋና መንገድ የጭነት መኪናና የአውቶብስ መንገድ ነው። ብስክሌቶቹን በፒክ አፕ ወይም በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭናችሁ ደብረ ብርሃን ግቡ። የመጀመሪያውን ሌሊት ሆቴል እደሩ። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አንድ ሌሊት ማደር ሰውነትን ያለማምዳል።

በሁለተኛው ቀን ማልዳችሁ ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ውጡ። ርቀቱ በጠቅላላው 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ብቻውን ብስክሌት መንዳት ለለመደ አዋቂ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከልጆች ጋር ግን ለሁለት ቀን ክፈሉት። መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ደጋ ይወጣል። ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ለሆነው ልጅ በቀን ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይበቃዋል፤ ከዚያ በታች ያሉት ከአዋቂ ኋላ በተገጠመ የልጅ ወንበር ወይም በሚከተላችሁ መኪና ይሂዱ። አጃቢ መኪና ቅንጦት አይደለም፤ ለደከመው ልጅ ማረፊያ፣ ለታመመው ማጓጓዣ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወደ አንኮበር ስትቃረቡ ቁልቁለቱ ይበረታል። እዚህ ላይ የልጆች እጅ ፍሬን ይዞ ይዝላል። ስለዚህ ትንንሾቹ ብስክሌታቸውን እየገፉ ይውረዱ ወይም መኪና ይግቡ። የራስ ቆብ (ሄልሜት) ለልጅም ለእናትና አባትም ግዴታ ነው። አንድ አዋቂ ከፊት፣ አንድ ከኋላ፣ ልጆች በመሃል ይሁኑ።

ምን እንያዝ?

የምተዳደርበት ሙያ ማርኬቲንግ ነው፤ ሰው የማያስፈልገውን ዕቃ እንዴት እንደሚገዛ በደንብ አውቃለሁ። ለመጀመሪያው ጉዞ ድንኳን አትግዙ፤ ተዋሱ ወይም ተከራዩ። ገንዘባችሁን ፍሬንና ጎማ ላይ አውሉት። ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ማጣበቂያ፣ መንፊያ ፓምፕና የመፍቻ ቁልፎች ያዙ፤ በመንገዱ ላይ ጎሚስታ እንደ አዲስ አበባ በየማዕዘኑ አይገኝም።

የአካባቢው ዋነኛ ፈተና ብርድ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ይጥላል። ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀችው፣ የመንዝ ሰውም ከበግ ፀጉር ባና የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። የመኝታ ከረጢቱ ስስ ከሆነ ብርድ ልብሱን ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም አንጥፉ፤ ቅዝቃዜው የሚመጣው ከመሬትም ነው። ልጆች በላብ የራሰ ልብስ ለብሰው አይተኙ። ቀን ላይ ደግሞ የደጋ ፀሐይ ፊት ታቃጥላለችና ባርኔጣና የፀሐይ ቅባት አይረሳ።

ለምግብ በሶን የሚያክል የለም። በሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሆነ ባቄላና ምስር ቶሎ አይበስልም፤ ጋዙም ያልቃል። በሶ ግን በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ በጨውና በዘይት ተጨብጦ ይበላል። ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ጨምሩ። ውሃውን አፍሉት ወይም በውሃ አጋር አክሙት። ራሱን የሚያመው፣ የሚያስመልሰው ወይም ምግብ እምቢ የሚል ልጅ ከፍታው አልተስማማው ይሆናልና ወደ ዝቅተኛ ቦታ አውርዱት፤ ካልተሻለው ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ሜዳው ባለቤት አለው

ባዶ የሚመስለው ሜዳ የአንድ ሰው የግጦሽ መሬት ነው። ድንኳን የሚተከለው አስፈቅዶ ነው፤ ለዚህ ደግሞ አገሩ የቆየ ወግ አለው። ከቀኑ 10 ሰዓት ሳያልፍ ወደ አንድ ደጅ ቅረቡና፣ “እንደምን ዋሉ አባቴ? መንገደኞች ነን፤ ደጅዎ ላይ ድንኳን ተክለን ብናድር ይፈቅዱልናል?” በሉ። ልጆቻችሁም ዝቅ ብለው እጅ ይንሱ። የመሸበት እንግዳ ፊት በር መዝጋት በሸዋ ገጠር ነውር ነው። ምናልባት “ልጆቹ እንዴት ውጭ ያድራሉ!” ተብላችሁ ወደ ቤት ትጎተቱ ይሆናል። ቡናና ስኳር ይዛችሁ ሂዱ፤ ስትሄዱም ቆሻሻችሁን ተሸክማችሁ ሂዱ።

የበግ ጠባቂ ውሻ ሲመጣ ልጆች እንዳይሮጡ አስቀድማችሁ አስተምሯቸው። ከብስክሌት ወርደው፣ ብስክሌቱን በራሳቸውና በውሻው መካከል አድርገው፣ ቀስ ብለው ይራመዱ። ውሻ ከነከሰ ግን ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥባችሁ ያለ መዘግየት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

በጠዋት ገደሉ ጠርዝ ላይ የምታገኟቸው ጭላዳዎች ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም የማይኖሩ ሣር በል እንስሳት ናቸው። ሌሊቱን ገደል ላይ አድረው ሲነጋ ለግጦሽ ይወጣሉ። ልጆች ዳቦ እንዳይወረውሩላቸው ንገሯቸው። ወፍ የሚወድ ልጅ ካላችሁ አጉሊ መነጽር ይያዝ፤ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የታወቀውና በአንኮበር ስም የተሰየመው ትንሽ ቡናማ ወፍ በዚሁ ገደል ይኖራል።

ትንሹ ልጅ ሲበቃው

የዚህ ጉዞ አንድ ሕግ የሚከተለው ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ትንሹ ልጅ ነው። ብዙ ጊዜ ጉዞውን የሚያበላሸው ዳገቱ ሳይሆን “ትንሽ ቀረ፣ በርታ” የሚል አባት ወይም እናት ነው። ልጁ “በቃኝ” ሲል አንዴ አረፍ በሉ፤ ዳግመኛ ሲል ብስክሌቱን መኪና ላይ ጫኑ። ያን ቀን ያልጨረሰው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት “እንሂድ” ይላል፤ ተገፍቶ የጨረሰው ግን ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ ይተዋል።

ለማበረታታት ከፈለጋችሁ ታሪክ አለላችሁ። ገረመው ደንቦባ በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ ብስክሌት ነድቷል። ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

አንኮበር ስትደርሱ ብስክሌቶቹን ጎረቤላ ከተማ አቁማችሁ የቀድሞው ቤተ መንግሥት ወደነበረበት ኮረብታ በእግር ውጡ። ከዚያ ላይ ወደ ምሥራቅ ስትመለከቱ ምድሩ እየወረደ እስከ አፋር ቆላ ይዘልቃል። ከታች ያለችው አልዩ አምባ የጨውና የቡና ነጋዴ ግመሎች የሚራገፉባት ገበያ ነበረች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1841 እ.ኤ.አ.፣ የእንግሊዝ መልእክተኞች ከታጁራ ተነስተው ወደ ሸዋ የወጡት በዚሁ በኩል ነው። ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው፤ ዳገት ምን እንደሆነ አሁን ስለሚያውቁ መንገደኞቹ እንዴት እንደደከሙ ማስረዳት አያስፈልጋችሁም።

ለመመለሻ ፔዳል አትምቱ፤ ብስክሌቶቹን ጫኑና በመኪና ተመለሱ። ልጆቹ መተኛታቸው አይቀርም፤ ምናልባት ግን ከመተኛታቸው በፊት በመስኮት እያዩ “እዚች ጋ ነው ያረፍነው” ይሏችሁ ይሆናል።