አረጋውያን ከሰንበቴው ሲቀሩ

በየአጥቢያው ከሰንበቴና ከማኅበር ተለይተው የማያውቁ አረጋውያን ቀስ በቀስ ሲቀሩ «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ይሁን እንጂ ብዙዎቹን ከቤት የሚያውላቸው የዕድሜ መግፋት ብቻ ሳይሆን ሊታከም የሚችል ሕመም ነው። በአገራችን ከዓይነ ሥውርነት መንሥኤዎች ቀዳሚ የሆነው የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል። የጆሮ መድከም፣ የጉልበት ሕመምና የመውደቅ ሥጋትም ሰውን ከሰው ይለያሉ። ብቸኝነት ደግሞ በተራው ለልብ ሕመም፣ ለድባቴና ለመርሳት በሽታ ያጋልጣል።

ስለሆነም የቀሩትን አረጋውያን መጠየቅ የሰበካ ጉባኤ ሥራ ሊሆን ይገባል። የንስሐ አባት ለጉብኝት ሲሄዱ ስለ ዓይናቸው፣ ስለ ጆሯቸውና ስለ አካሄዳቸው ይጠይቁ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሷቸው። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን በጾም ወራት ሐኪም ሳያማክሩ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ፣ ስለ ጾሙም ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲመካከሩ ማስገንዘብ ያስፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት አምስት ቀን፣ ለ30 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግር መመላለስ ይህን ይሞላል። ለብቻ መሄድ ለሚያሰጋቸው የጎረቤት ልጅ ይደግፋቸው።

የመጡትንም በክብር ከማስቀመጥ አልፈን ሥራ እንስጣቸው። የተጣላን ማስታረቅ፣ ሕፃናትን ማስተማር፣ የአጥቢያውን ታሪክ ለተተኪው መንገር የእነርሱ ጸጋ ነው። የሚፈለግ ሰው ከቤቱ የሚወጣበት ምክንያት አለው።