ቤቱና መሬቱ እንደ አንድ ንብረት ሲገመቱ

አሜሪካ ውስጥ ከትልልቅ ከተሞች ራቅ ብሎ ባዶ መሬት መግዛትና ፋብሪካ ውስጥ ያለቀ አዲስ ቤት አስመጥቶ ማስተከል ብዙዎች የቤት ባለቤት የሚሆኑበት መንገድ ነው። ማኑፋክቸርድ ሆም የሚባለው ይህ ቤት በብረት ሻሲ ላይ ይሠራና አንድ ወጥ ሆኖ ወይም ለሁለት ተከፍሎ በከባድ መኪና ተጎትቶ ይመጣል። ግዢው በባንክ ብድር ከሆነ ንብረቱን መጀመሪያ ገለልተኛ ገማች ያየዋል። ገማቹ የሚመልሰው ጥያቄ ቤቱ በዚህ መሬት ላይ ቆሞ ዛሬ ለገበያ ቢቀርብ ስንት ያወጣል የሚል ነው። መልሱ ገዢው ካወጣው ወጪ ሊያንስ ስለሚችል፣ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ቤቱ አዲስ ሲሆን ገማቹ መጀመሪያ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ባዶ መሬት ነው። ስለዚህ ከወረቀት ይነሳል፤ የመሬቱን ውል፣ የቤቱን ውል፣ ፋብሪካው ለሻጩ የቆረጠውን ደረሰኝና የቤቱን ፕላን ይመረምራል። ሻጩ ሶፋና አልጋ ጨምሮ ከሆነ፣ እነዚህ የቤት ዕቃ እንጂ የቤቱ አካል ስላልሆኑ ከግምቱ ይወጣሉ። የውሃ ጉድጓድ፣ ሴፕቲክ ታንክ፣ የመብራት መስመርና የመኪና መግቢያ ግን ከመሬቱ የማይነጠሉ በመሆናቸው ይቆጠራሉ።

ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ይመጣል። መሬቱ 60 ሺህ፣ ቤቱ 130 ሺህ፣ የመሬት ዝግጅቱ 40 ሺህ ዶላር ፈጀ እንበል። ድምሩ 230 ሺህ ነው። ገማቹ የወጪ ስሌትም ይሠራል፤ የሚደገፈው ግን በአካባቢው መሬታቸውን ይዘው በተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶች ዋጋ ነው። የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች በሚገዛው በፋኒ ሜ ደንብ ቢያንስ ሁለቱ ማነጻጸሪያዎች ማኑፋክቸርድ ሆም መሆን አለባቸው። የአንድን ባዶ መሬት ዋጋ ከቤቱ የውል ዋጋ ጋር ደምሮ እንደተፈጸመ ሽያጭ ማቅረብም ክልክል ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ በዚያ ዋጋ የገዛ ሰው የለምና። ተመሳሳዮቹ በ210 ሺህ ተሸጠው ከሆነ ግምቱ ወደዚያ ይጠጋል። ባንኩ ብድሩን የሚያሰላው ከዋጋውና ከግምቱ ባነሰው ላይ ስለሆነ የ20 ሺህ ዶላሩ ክፍተት በገዢው ላይ ይወድቃል።

ችግሩ ማነጻጸሪያ እንደልብ አለመገኘቱ ነው። አዲስ ቤት ሲተከል መሬቱ ከአንዱ፣ ቤቱ ከሌላው ስለሚገዛ በገበያ መዝገብ አንድ ዋጋ ሆኖ ላይገባ ይችላል። ገማቹ ያለው አማራጭ ራቅ ያሉ ወይም ቆየት ያሉ ሽያጮችን ማየትና ልዩነቱን ማስተካከል ነው።

ቤቱ ከተተከለ በኋላ ገማቹ ይመለሳል። ተጎትቶ በመጣው በእያንዳንዱ የቤቱ ቁራጭ የውጭ ግድግዳ ጫፍ ላይ የተመታችውን ቀይ የብረት ምልክት ይፈልጋል፤ ቤቱ ከጁን 15 ቀን 1976 ጀምሮ የሚሠራበትን የፌዴራል ደንብ ማሟላቱን የምትመሰክረው እሷ ናት። ብዙውን ጊዜ በኩሽና ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም በመብራት ማከፋፈያው አጠገብ የሚለጠፈው ወረቀት ደግሞ ቤቱ ለየትኛው የነፋስና የበረዶ ቀጠና እንደተሠራ ይናገራል። የሰሜኑ ጣሪያ በአንድ ስኩዌር ጫማ 40 ፓውንድ ሲችል ለደቡብ የተሠራው የሚችለው 20 ነው። ጎማው፣ አክስሉና መጎተቻው ተነስተው ቤቱ በቋሚ መሠረት ላይ ማረፉም ይታያል። በብዙ ግዛቶች ቤቱ መጀመሪያ እንደ መኪና የራሱ ሊብሬ አለው፤ ከመሬቱ ጋር አንድ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚሆነው ያ ሰነድ ተመልሶ ሲሰረዝ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነባት ኢትዮጵያ ላደገ ገዢ ይህ እርምጃ እንግዳ ነውና በቸልታ እንዳያልፈው።

ገዢው የግመታውን ቅጂ የማግኘት ሕጋዊ መብት አለው። የመሬቱ ስፋት ወይም የክፍሎቹ ቁጥር ተሳስቶ ካገኘው፣ ወይም ያልታየ ተመሳሳይ ሽያጭ ካወቀ፣ በአበዳሪው በኩል እንደገና እንዲታይ በጽሑፍ ይጠይቅ። ከሁሉ በላይ ግን ግምቱ ካነሰ ቀብዱን ይዞ የመውጣት መብቱ በቤቱም በመሬቱም ውል ላይ ይጻፍለት። አንዱ ውል ብቻ ከፈረሰ፣ ቤት የሌለው መሬት ወይም መሬት የሌለው ቤት ይዞ ይቀራል።