ታሃሽ ውሻ በቤታችን፦ ጠባዩ፣ አያያዙና የጀርባው ጤና



በየቤቱ ስዞር ከልጆች አፍ ደጋግሜ የምሰማው ልመና አለ፦ «እማ፣ ውሻ ግዙልን!» እኛ ባደግንበት አገር ውሻ የግቢ ጠባቂ ነበር። ሌሊት ጅብ ያባርራል፣ ቀን ጥላ ፈልጎ ይተኛል፣ ቤት ውስጥ ግን አይገባም። ልጆቻችን የሚፈልጉት ደግሞ ሳሎን ውስጥ አብሯቸው የሚኖር ውሻ ነው። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ ትንሽ ውሻ ይመርጣል። ከእነዚህ አንዱ እግሩ አጭር፣ ወገቡ ረጅም የሆነው ዳክስሁንድ ነው። በዕብራይስጥ «ታሃሽ» ይባላል፤ ልጆች «ናክኒክ» እያሉ ይቀልዱበታል።

ታሃሽ ደስ የሚል ውሻ ነው። ነገር ግን መጫወቻ አይደለም፤ ጀርባው በቀላሉ ይጎዳል። ይህንን አስቀድሞ ያወቀ ቤተሰብ ውሻውንም ልጆቹንም ከብዙ ሥቃይ ያድናል።

ጠባዩ ምን ይመስላል?

ታሃሽ የመጣው ከጀርመን አገር ነው። «ዳክስ» ማለት በጀርመንኛ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር የዱር እንስሳ ነው፤ «ሁንድ» ደግሞ ውሻ ማለት ነው። ይህ ውሻ የተራባው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ያንን እንስሳ እንዲያድን ነበር። ዛሬ የምናየው ጠባዩ ከዚያ ሥራ የመጣ ነው። ጌታው በማያየው ቦታ ብቻውን ይወስን ስለነበር ግትር ነው። ከመሬት በታች ሆኖ እንዲሰማ ስለሚፈለግ ድምፁ ከሰውነቱ በላይ ወፍራም ነው። መቆፈርም ይወዳል።

ለቤተሰቡ ታማኝና ፍቅር ፈላጊ ነው፤ ብዙ ጊዜም አንድ ሰው መርጦ ይከተላል። እንግዳ ሲመጣ ግን ይጮኻል፤ ያልለመደውን ሰው ሊነክስም ይችላል። የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ጥናት፣ በሰውና በሌሎች ውሾች ላይ ቁጣ በማሳየት ከፍተኛ ቦታ ካገኙት ዝርያዎች አንዱ ዳክስሁንድ ነበር። ስለዚህ ከቡችላነቱ ጀምሮ ሰው፣ ልጆችና ሌሎች ውሾች አለማምዱት። ሕፃን ልጅና ውሻ ትልቅ ሰው በሌለበት ለብቻቸው አይተዉ። ሲበላና ሲተኛ እንዳይነኩት ልጆቻችሁን አስተምሩ።

ጀርባው ለምን ይጎዳል?

በጀርባ አጥንቶች መካከል እንደ ትንሽ ትራስ የሚያገለግል ዲስክ አለ። መሐሉ ለስላሳ ሲሆን ስንዘልና ስንራመድ ንዝረቱን ይቀበላል። የታሃሽን እግር ያሳጠረው በዘር የሚወረስ ለውጥ ዲስኮቹንም ይነካል፤ ገና በወጣትነቱ ይደርቁና ይጠነክራሉ። የደረቀ ዲስክ በድንገት ወጥቶ በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈውን ኅብለ ሰረሰር ሲጫን ውሻው ይታመማል፤ ሲብስም የኋላ እግሮቹ ሽባ ይሆናሉ። ከአራት ታሃሾች አንዱ ያህል በሕይወት ዘመኑ ይህ ችግር ይደርስበታል። ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከ3 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው።

አንድ የማውቀው ቤተሰብ የ5 ዓመት ታሃሽ ነበራቸው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ውሻው ሶፋ ላይ መውጣት እምቢ አለ፤ ልጅቷ ስታነሣው ጮኸ። «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» ተባለ። እሑድ ጠዋት የኋላ እግሮቹን መሬት ለመሬት ሲጎትት አገኙት። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። አሁን ይራመዳል፤ ግን እየተንገዳገደ ነው። ልጅቷ «እኔ ስላነሣሁት ነው» እያለች ብዙ አለቀሰች። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም፤ ምልክቱን በቤቱ ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እነዚህን ምልክቶች ካያችሁ አትጠብቁ

• መዝለል ወይም ደረጃ መውጣት እምቢ ካለ
• ሲያነሡት ወይም ሲነኩት ከጮኸ፣ ከተንቀጠቀጠ
• ጀርባውን ካጎበጠ፣ አንገቱን ማዞር ካቃተው
• የኋላ እግሮቹ ከተንገዳገዱ ወይም ጥፍሮቹ መሬት ከጫሩ
• ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው

ከእነዚህ አንዱ ከታየ ውሻውን በጠባብ ቦታ አስተኙትና የእንስሳት ሐኪም በዚያው ቀን ጥሩ። እግሮቹ ከሰነፉ ግን የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ሌሊትም ሆነ ሰንበት ለድንገተኛ ሕክምና ደውሉ። ቀለል ያለ ሕመም ብዙ ጊዜ በመድኃኒትና ለሳምንታት በኬጅ ውስጥ በማረፍ ይድናል። እኛ የምንወስደውን አካሞል ወይም ኑሮፌን በራሳችሁ አትስጡት፤ ውሻን ሊመርዝ ይችላል።

እንዴት እንከላከል?

ክብደት፦ ውፍረት ለጀርባው ትልቅ ሸክም ነው። ጎኑን ስትዳስሱ የጎድን አጥንቶቹ በእጃችሁ ሊታወቋችሁ ይገባል። ከወጥ የተረፈውን አትስጡት። ዶሮ ወጥ ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰብሮ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ቸኮላት፣ ወይን፣ ዘቢብና ስኳር የሌለው ማስቲካም ለውሻ መርዝ ናቸው።

አነሣስ፦ በፊት እግሮቹ ወይም በብብቱ አታንጠልጥሉት። አንድ እጅ ከደረቱ ሥር፣ ሌላው ከመቀመጫው ሥር ይሁን፤ ጀርባው ቀጥ ብሎ ይነሣ። ትናንሽ ልጆች ቁጭ ብለው ጭናቸው ላይ ይቀበሉት እንጂ ራሳቸው አያንሱት።

ቤት፦ ከሶፋና ከአልጋ እንዳይዘል የሚወርድበት ተዳፋት ሰሌዳ አድርጉለት። ሊፍት ከሌለ ደረጃውን ተሸክማችሁ አውጡት። ለሽርሽር በአንገቱ ሳይሆን በደረቱ የሚታሰር ማሰሪያ፣ «ሪትማ» የሚባለውን ተጠቀሙ። በየቀኑ ይራመድ፤ በበጋ ግን በጠዋትና በማታ ይሁን። ሆዱ ለመሬት ቅርብ ስለሆነ የጋለው አስፋልት ቶሎ ያቃጥለዋል።

የቤተሰቡ ጤናና ሕጉ

በእስራኤል ከ3 ወር በላይ የሆነ ውሻ ሁሉ ቺፕ እንዲኖረው፣ በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ (ካሌቬት) ክትባት እንዲወስድና ፈቃድ እንዲወጣለት ሕግ ያስገድዳል። ስለ ትላትል መድኃኒትም ሐኪሙን ጠይቁ። ልጆች ከውሻው ጋር ከተጫወቱ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ውሻ ሰው ቢነክስ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና እጠቡ፤ ከዚያ ወደ ሐኪም ሂዱና ለልሽካት ሃብሪዩት አሳውቁ። የቤታችን ውሻ ነው ብላችሁ አትተዉት።

ከመግዛታችሁ በፊት

ታሃሽ ከ12 እስከ 16 ዓመት ሊኖር ይችላል። ዛሬ የ8 ዓመት የሆነው ልጃችሁ ጦር ሠራዊት ሲገባ ውሻው ገና ከእናንተ ጋር ይሆናል። የጀርባ ቀዶ ሕክምና ብዙ ሺህ ሼቄል ያስወጣል፤ ቁፓት ሆሊም ደግሞ የውሻን ሕክምና አይሸፍንም። ስለዚህ ስለ እንስሳት ኢንሹራንስ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ማን ያወጣዋል፣ ማን ያበላዋል፣ ማን ሐኪም ቤት ይወስደዋል የሚለውን ከልጆቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ተስማምታችሁ ካመጣችሁት ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አያት ሳይቀሩ የቤቱ ሰው ሁሉ አነሣሱን ይማር፤ ምልክቶቹንም ይወቅ።