በአንድ ቅጠል ውስጥ ያሉ ሁለት ፈሳሾች

ቆዳቸው ቶሎ የሚቆጣ ሰዎች የእርጅናን ምልክት ለማዘግየት ሲሹ ወደ ዕፀዋት መዞራቸው የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ከዕፅ የተገኘ ሁሉ ገር ነው የሚለው እምነት ግን፣ ብዙዎችን ከመሸብሸቡ ለባሰ ጉዳት የሚዳርግ ስሕተት ነው። ቆዳን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረጀው የፀሐይ ጨረር መሆኑን፣ ጥላና ባርኔጣም ከማናቸውም ቅባት እንደሚቀድሙ አንባቢ ያውቀዋልና አልዘገይበትም።

በየጓሮው ተተክሎ ሳለ ተገቢውን ክብር ያላገኘው እሬት ነው። ቅጠሉን በቢላ ቆርጦ ትክ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ከልጣጩ ሥር ዙሪያውን ቢጫ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ሲል፣ ከመካከሉ ደግሞ ቀለም የሌለው ዝልግልግ ሲያበራ ያያል፤ እነዚህም በአንድ ቅጠል ይደሩ እንጂ በጠባያቸው ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ቢጫው አሎይን የሚባለውን መራራ ንጥረ ነገር የተሸከመ ሲሆን፣ እናቶቻችን ጡት ለማስጣል የሚቀቡት መራራነት፣ ሆድንም የሚያስቀምጠው፣ ቆዳንም የሚያስቆጣው ከእርሱ ነው። ዝልግልጉ ግን ከመቶው 99 እጅ ያህሉ ውሃ ሆኖ፣ በቀረው ጥቂት ክፍል ያሉት ረዣዥም የስኳር ሰንሰለቶች እርጥበቱን በቆዳ ላይ ይዘው ስለሚያቆዩት፣ በድርቀት የጎላው ሽብሽብ ለጊዜው ይለዝባል። ስለዚህ ቅጠሉ እንደ ተቆረጠ፣ ቢጫው ተንጠፍጥፎ እንዲያልቅ የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርጎ ማቆየት፣ ከዚያም ልጣጩን ገፎ ዝልግልጉን በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ግድ ነው። አንዲት የዘመዴ ልጅ ቅጠሉን ከነልጣጩ ፈጭታ ተቀብታ፣ ጉንጯ ቀልቶ ሲለበልባት እሬቱን ስትረግም ሰምቻለሁ፤ ርግማኑ የሚገባው ግን ለችኮላዋ ነበር፤ በኋላ አጥባና አስቀድማ በክንዷ ውስጠኛ ገጽ ሞክራ ስትቀባው አንዳች አልነካትም።

ይህንኑ የመለየት ጥበብ የዘመኑ ሊቃውንት በሕንድ አገር ባብቺ በሚባለው ተክል ፍሬ ላይ ፈጽመውታል፤ ይኸውም ባኩቺኦል የተባለውን ጠቃሚ ክፍል ሲያወጡ፣ ቆዳን ለፀሐይ ቃጠሎ የሚያጋልጠውን ሶራለን ለይተው መጣላቸው ነው። በ44 ሰዎች ላይ ለ12 ሳምንት ተደርጎ በ2019 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ባኩቺኦል ሽብሽብንና የቆዳ መጥቆርን በመቀነስ ለዚሁ ጉዳይ ከሚቀባው ሬቲኖል የማያንስ ሆኖ ሲገኝ፣ የመላጥና የመለብለብ ስሞታ የበዛው በሬቲኖል ተጠቃሚዎች ዘንድ ነበር።

ሎሚ ጨምቀው ፊታቸውን የሚያሹትን ግን ሳልገሥጽ አላልፍም። ሎሚ እጅግ ኮምጣጣ ከመሆኑም በላይ የሶራለን ወገን የሆኑ ንጥረ ነገሮች ስላሉት፣ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው ቆዳው እንደ ተቃጠለ ውሃ ሊቋጥር፣ ለወራትም የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊተርፈው ይችላል፤ በቡናችን ላይ የምንወደው ጤና አዳምም ይህንኑ ጠባይ ስለሚጋራ፣ ቅጠሉን ጨምቆ ፊት መቀባት ፈጽሞ አይገባም።