«ኤስኤች» የማን ስም ነው?

ስሙማ፣ አንድ ነገር ገባኝና ዝም ማለት አቃተኝ!

ሼል የምንጽፍለትን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽም ፕሮግራም ነው። ትእዛዞቹን በአንድ ፋይል ስትደረድሯቸው ስክሪፕት ይባላሉ። ታዲያ ኡቡንቱ ሊኑክስ ተርሚናል ላይ ሲጻፍ እሺ ያለ ትእዛዝ፣ ስክሪፕት ውስጥ ሲገባ ለምን ያኮርፋል? ኮምፒውተሩ ያው፣ ትእዛዙም ያው!

ሚስጥሩ የስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ነው። ብዙ ጊዜ እዚያ «ይህን ኤስኤች ያንብበው» ብለን እንጽፋለን። ኤስኤች ግን የአንድ ፕሮግራም ስም አይደለም፤ እንደ «ዘበኛ» የሥራ መደብ ነው! አንዱ ግቢ ያለው ዘበኛ መኪናም ያጥባል፣ አትክልትም ያጠጣል፤ የጎረቤቱ ደግሞ በር ከፍቶ ከመዝጋት አያልፍም። ኡቡንቱ ተርሚናል ላይ የሚያናግረን ባሽ የሚባለው ባለሙያ ሼል ነው። የኤስኤችን መደብ ግን ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የያዘው ዳሽ የሚባለው ሼል ነው። ትንሽና ፈጣን ስለሆነ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚሮጡትን ስክሪፕቶች ቶሎ ቶሎ ይጨርሳቸዋል።

ይህችን ተመልከቱልኝ። ኢኮ የሰጡትን ጽሑፍ መልሶ የሚያሳይ ትእዛዝ ነው። «ሰረዝ ኢ» ጨምራችሁ «ሰላም» በል በሉት። ባሽ «ሰላም» ይላል። ዳሽስ? ሰረዝ ኢዋንም ከሰላም ፊት ቁጭ ያደርጋታል! ለእሱ እሷም ጽሑፍ ናታ። ቦግ ያለልኝ እዚህ ጋ ነው፤ የተበላሸ ነገር የለም፣ ያልተዋዋለውን ሥራ ነው የጠየቅነው።

ውሉ ፖዚክስ ይባላል። ከእሱ ካልወጣን ሊኑክስም፣ ማክም፣ ፍሪቢኤስዲም ከእኛ ጋር ይግባባሉ። በኢኮ ፈንታ ፕሪንትኤፍ ብትሉ ባሽም ዳሽም አንድ መልስ ይሰጣሉ። ሁኔታ የምንፈትሽበት ድርብ ማዕዘን ቅንፍ ደግሞ ውሉ ውስጥ የለም፣ ነጠላው ግን አለ።

ደግሞ ጣጣው በሼሉ ብቻ አያበቃም። ሴድ ቃልን በቃል የሚተካ መሣሪያ ነው። ሊኑክስ ላይ «ሰረዝ አይ» ስትጨምሩበት ፋይሉን እዚያው ያርመዋል። ማክ ላይ ግን ከሰረዝ አይ ቀጥሎ የመጣውን ነገር የመጠባበቂያ ቅጂው ስም ቅጥያ አድርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ የመተኪያው ትእዛዝ ቅጥያ ይሆንና የፋይሉ ስም ትእዛዝ ሆኖ ቁጭ! ጉድ እኮ ነው። ውጤቱን አዲስ ፋይል ላይ ጽፎ በአሮጌው ስም መተካት ግን የትም ይሠራል።

ኡቡንቱ ያላችሁ፣ ስክሪፕታችሁን ለሰው ከመላካችሁ በፊት በዳሽ አስነብቡት፤ ብዙውን እሱ ያጋልጠዋል። አልፓይን ሊኑክስ ላይ መደቡን የያዘው ደግሞ ቢዚቦክስ ነው፤ እሱንም ጠርታችሁ ሞክሩት።