የዲላ ጭስ በወንዝ ይወርዳል

የኢንዱስትሪ ከተማ ሲባል ብዙዎቻችን ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ረጅም የጭስ ማውጫ፣ የፈረቃ ደወልና የሠራተኛ ሰርቪስ ነው። በዚህ ሚዛን ዲላን የኢንዱስትሪ ከተማ የሚላት አይገኝም። ከአዲስ አበባ በሐዋሳ በኩል ወደ ሞያሌ በሚወርደው አውራ ጎዳና ላይ፣ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ የጌዴኦ ዞን መቀመጫ፣ የዩኒቨርሲቲ ከተማ፣ የቡና ነጋዴ ማረፊያ ተብላ ነው የምትታወቀው። እኔ ግን ዲላ ከልቧ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት እላለሁ። ፋብሪካዋ የቡና መፈልፈያው ነው፤ በአንድ አጥር ግቢ አልተሰበሰበም፤ በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች፣ በዲላ ዙሪያ፣ በወናጎ፣ በይርጋጨፌ፣ በኮቸሬና በገደብ፣ በየወንዙና በየጅረቱ ዳር ተበትኗል። ዓመቱን ሙሉም አይሠራም። ተበታትኖ ስለሚገኝና ለጥቂት ወራት ብቻ ስለሚንቀሳቀስ ፋብሪካ መሆኑ ከሕሊናችን ወጥቷል። ፋብሪካ ነው ብለን ስለማንቆጥረውም የሚጥለውን ቆሻሻ በወግ አንቆጣጠርም። የአካባቢው ወንዞች ለገዳራና ዋላሜ የሚከፍሉት ዕዳ የመጣው ከዚህ ዝንጋታ ነው።

ቡና ሲታጠብ ምን እንደሚሆን ቀረብ ብለን እንይ። ገበሬው ቀን የለቀመውን ቀይ እሸት አመሻሹ ላይ ለመፈልፈያው ያስረክባል። እሸቱ ተከምሮ ካደረ በራሱ ሙቀት መብላላት ስለሚጀምር ሞተሮቹ በወቅቱ ሌሊቱን ሲሠሩ ያድራሉ። በመጀመሪያ እሸቱ ውሃ በሞላበት ገንዳ ውስጥ ይገባል፤ ቀሊሉና የተበላሸው ይንሳፈፋል፣ ደህናው ይሰምጣል። ከዚያ ማሽኑ ቀዩን ገለፈት ይገፈዋል፣ ገለፈቱንም ጠርጎ የሚወስደው ውሃ ነው። ፍሬው በዝልግልግ ልባሱ እንደተሸፈነ ወደ ማብላያ ገንዳ ይገባና እንደ አየሩ ቅዝቃዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። ልባሱ ሲላላ በረጅም ቦይ ውስጥ እየተገፋ ይታጠባል፣ እንደገና በንጹህ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ በመጨረሻም በማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ እዚያ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው የተሰበረውንና የጠቆረውን ይለቅማሉ። ከ6 ኪሎ እሸት የሚገኘው ንጹህ ቡና 1 ኪሎ ገደማ ነው፤ የቀረው ገለፈት፣ ልባስ፣ እርጥበትና ቅርፊት ነው። ነባሩ አሠራር ውሃን ደግሞ አይቆጥብም፤ ለ1 ኪሎ የታጠበ ቡና እስከ 40 ሊትር ይፈጃል። በዚህ ስሌት አንድ የ60 ኪሎ ጆንያ ብቻውን 2,400 ሊትር ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው። ሞተር፣ ገንዳ፣ ጥሬ ዕቃ፣ ተረፈ ምርት፣ የሌሊት ፈረቃና የቀን ሠራተኛ ያለበትን ይህን ሥራ እርሻ ብሎ መጥራት አይቻልም። ወንዙም ከማሽኖቹ አንዱ ነው፤ ያለ እርሱ ሌሎቹ አይንቀሳቀሱም።

ያ ሁሉ ውሃ ቡናውን አጥቦ ሲወጣ እንደገባው ሆኖ አይወጣም። በውስጡ የሟሟው ስኳርና ሙጫ ለባክቴሪያ ቀለብ ነው፤ ባክቴሪያው እየበላ ሲራባ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። በዚህ ረገድ የመፈልፈያ ፍሳሽ ከተራ የቤት ፍሳሽ በአሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ሊከፋ ይችላል። ሲቆይ ይጎመዝዛል፣ ይጠቁራል፣ ይሸታል። ዓሣውና ዓሣው የሚመገባቸው ትንንሽ ነፍሳት ይታፈናሉ። ጊዜውም የባሰውን አድርጎታል። በጌዴኦ እሸት የሚፈለፈለው በአብዛኛው ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት ጥቂት ወራት ነው፤ ዝናቡ የሚያባራውና ወንዙ የሚከሳው ያኔ ነው። ክረምት ላይ ቢሆን ጎርፉ አቅጥኖ ይወስደው የነበረው ፍሳሽ፣ ወንዙ ጉልበት ባጣበት ወቅት ይጫንበታል። ወደ ታች የሚወርደውም ባሕር አያገኝም፤ የዚህ ተፋሰስ ውሃ የሚያመራው መውጫው ወደ ባሕር ወዳልሆነው ወደ አባያ ሐይቅ ነው። ከመነሻው እስከ ሐይቁ ድረስ ደግሞ ሰው አለ። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብና ቤት ቆጠራ ጌዴኦ ዞን 847,434 ሰው ነበረው፤ በካሬ ኪሎ ሜትር 700 ገደማ ማለት ነው። የዲላ ነዋሪ ያኔ 59 ሺህ ያህል ነበር፤ ዛሬ ከዚያ በብዙ አልፏል። የገጠር ሕዝቡ እንዲህ በተጠጋጋበት አገር ከመፈልፈያው በታች ባዶ መሬት የለም፤ ያንዱ ግርጌ የሌላው ራስጌ ነው።

ጉዳቱ የሽታ ብቻ ነው የሚል ካለ የጅማን ተሞክሮ ይይ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመፈልፈያዎች አጠገብ የሚኖሩና የወንዙን ውሃ የሚጠቀሙ ሰዎች የማዞር ስሜት፣ የዓይንና የቆዳ መቆጣት፣ የሆድ ሕመምና የመተንፈስ ችግር እንደሚያጋጥማቸው መዝግበዋል። ቡናው በጅማም በጌዴኦም ያው ቡና ነው፣ ገንዳውም ያው ገንዳ ነው። በአገሪቱ የቡና ወንዞች ላይ የተሠሩ ጥናቶችም የሚያሳዩት ተመሳሳይ ነገር ነው፤ ከመፈልፈያው በላይ ደህና የነበረ ውሃ ከመፈልፈያው በታች ሌላ ውሃ ይሆናል።

የሚሰነዘሩት መከራከሪያዎች ቀላል አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ግን ወንዝ የማያሻግሩ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ «ቡና ነው እንጂ ኬሚካል አይደለም» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ በፍሳሹ ውስጥ እንደ ቆዳ ፋብሪካ ክሮም የለበትም። ዓሣን የሚገድለው ግን የኦክስጅን እጦት ነው፤ ለታፈነ ፍጥረት ያፈነው ነገር ከተክል መገኘቱ አይጠቅመውም። ሁለተኛው «የሦስት ወር ጉዳይ ነው፣ ወንዙ ራሱን ያጠራል» ይላል። ወንዙ ክረምት ሲመጣ ማገገሙን ማንም አይክድም። በእነዚያ ሦስት ወራት ከወንዙ የምትቀዳው እናት ግን ክረምቱ እስኪመጣ ውሃ መጠጣት አታቆምም። በአገራችን የመጠጥ ውሃ እጥረት የሚከፋው በበጋ በመሆኑ፣ ወንዙ በጣም የሚፈለግበትና በጣም የሚበላሽበት ወቅት አንድ ላይ ገጥመዋል።

ሦስተኛው መከራከሪያ ክብደት አለው። ቡና የውጭ ምንዛሪ ነው፣ የጌዴኦ ገበሬ መሬት ጠባብ ነው፣ መፈልፈያዎች ላይ የሚጣል ማንኛውም ወጪ ተንከባሎ የሚያርፈው የእሸት ዋጋ ላይ ነው፣ ማለትም ገበሬው ትከሻ ላይ። ይህን ስጋት የማይጋራ ሰው ስለ ጌዴኦ ሊናገር አይገባውም። ነገር ግን ወጪው ዛሬም እየተከፈለ ነው፤ ደረሰኝ ስለሌለው ብቻ አይታይም። ውሃ ለመቅዳት ርቃ የምትሄደው ልጅ በጉልበቷ፣ ልጁን ጤና ጣቢያ የሚያመላልሰው ገበሬ በኪሱ፣ የከተማው ውሃ አገልግሎት በማጣሪያ ወጪው ይከፍላሉ። ስለዚህ ጥያቄው ወጪ ይኑር አይኑር ሳይሆን ማን ይክፈለው የሚለው ነው፤ ከመፈልፈያው እስከ ላኪውና እስከ ባሕር ማዶ ቆዪው ያለው ሰንሰለት ድርሻውን ቢያነሳ የገበሬው ሸክም ይቀላል እንጂ አይከብድም። ኢትዮጵያ «ይርጋጨፌ» የሚለው ስም የራሷ እንደሆነ ለማስከበር ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ላይ ደርሳለች። ስሙ ይህን ያህል ከተከበረ፣ ስሙን የሚያጥበው ውሃም መከበር ነበረበት።

ታዲያ ሁሉም ቡና ሳይታጠብ በጀንፈሉ ይድረቅ? ይህም የሚነሳ ሐሳብ ነው፤ በጥንቃቄ የደረቀ ያልታጠበ የይርጋጨፌ ቡና ዛሬ በልዩ ቡና ገበያ ጥሩ ዋጋ ያወጣል፣ ውሃም እምብዛም አይፈልግም። በከፊል ደስ የሚል መፍትሔ ነው። ይሁን እንጂ ጀንፈል ለመድረቅ ከታጠበው ይልቅ ብዙ ቀናትና ብዙ አልጋ ይፈልጋል፣ በለቀማው መጀመሪያ የሚጥለው ዝናብም ሻጋታ ያመጣበታል። ይርጋጨፌን ዓለም ያወቀው የአበባ ጠረን ባለው የታጠበ ቡናው ነው፤ ያንን ሙያ ጣል ማለት አይቻልም። ሌሎች ደግሞ ከተማዋ ራሷ ንጹህ ናት ወይ ብለው ይጠይቃሉ። አይደለችም። መጸዳጃ ቤቱ፣ የመኪና እጥበቱ፣ የገበያው ጥራጊ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ይህ ግን ወንዙ ሁለት ሸክም እንዳለበት ያስረዳል እንጂ አንዱን ሸክም አያነሳለትም።

መፍትሔው ያልተሞከረ አይደለም። በኮስታ ሪካ እ.ኤ.አ. በ1992 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የቡናው ዘርፍ በስምምነት ሰነድ ተያይዘው ሥራ ጀመሩ። መፈልፈያዎቹን ባንድ ጀምበር ዝጉ አላሏቸውም። በደረጃ ሄዱ፤ አስቀድሞ የውሃ ፍጆታ ይቀነስ፣ ቀጥሎ ጠጣሩ ከውሃው ይለይ፣ ከዚያ የቀረው ይጣራ። የኮሎምቢያው የቡና ምርምር ማዕከል ሴኒካፌ ደግሞ ልባሱን በማሽን የሚያነሳ፣ ለ1 ኪሎ ቡና ከ1 ሊትር ያነሰ ውሃ የሚበቃው ዘዴ አበጅቷል። ከ40 ሊትር ወደ 1 ሊትር መውረድ ለሁሉም መፈልፈያ ዛሬ አይቻል ይሆናል። ውሃውን አንዴ ተጠቅሞ ከመልቀቅ መልሶ መላልሶ ማዞር፣ ገለፈቱን ያለ ውሃ ማጓጓዝ ግን ቧንቧና ጥቂት ብረታ ብረት እንጂ ተአምር አይጠይቅም። ገለፈቱም ቆሻሻ አይደለም፤ ናይትሮጅንና ፖታሲየም ስላለው ተብላልቶ ወደ እንሰቱና ወደ ቡናው ሥር ሊመለስ ይችላል።

ፍሳሹን ለማጣራት የሚሻለው ምክር ደግሞ በቡናው ስም ውስጥ ተቀምጧል። ጨፌ ማለት ውሃ የሚያቁር፣ ሣር የለበሰ ረግረግ መሬት ነው። ረግረግ የተፈጥሮ ማጣሪያ ነው፤ ውሃው በሣሩ ሥር እየተሹለከለከ ሲያልፍ ደለሉን ይጥላል፣ በሥሩ ዙሪያ ያሉ ነፍሳትም ቆሻሻውን ይበሉታል። በአገራችን የቡና አካባቢዎች የተሞከረው የቬቲቨር ሣር ማሳ ይህንኑ በሰው እጅ የሚደግም ነው፤ ፍሳሹ በቅድሚያ ጉድጓድ ውስጥ ይረጋል፣ ከዚያ ረጅም ሥር ባለው ሣር መካከል ቀስ ብሎ እንዲሰርግ ይደረጋል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ መለዋወጫ አይፈልግም። የሚፈልገው ቦታ ነው፤ ቦታ ደግሞ በጌዴኦ ከሁሉም የሚወደደው ነገር ነው። ለዚህ ነው የውሃ ፍጆታ መቀነስ መቅደም ያለበት፤ ፍሳሹ ባነሰ ቁጥር የሚያጣራው ጨፌም ያንሳል።

ሕግ አጥተን አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹህና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ደንግጓል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ከዚያ አልፎ ማንም ሰው በግሉ ጉዳት እንደደረሰበት ማስረዳት ሳያስፈልገው በካይን ሊከስ እንደሚችል ይፈቅዳል። ክፍተቱ ያለው በመሥሪያ ቤቶች መካከል ነው። ቡናው በግብርናው በኩል ይታያል፣ ወንዙ በውሃው በኩል፣ ብክለቱ በአካባቢ ጥበቃው በኩል፤ መፈልፈያው የቆመው በገጠር ወረዳ ነው፣ ፍሳሹ የሚደርሰው ከተማ። ወንዙን ከራስጌ እስከ ግርጌ የእኔ ነው የሚል አንድ አካል የለም።

ጌዴኦ ግን እንዲህ ያለውን ነገር በጋራ ማስተዳደር ያውቅበታል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ የተሰበሰበው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር ሲመዘግብ ያከበረው ትክል ድንጋዮቹን ብቻ አልነበረም። ከላይ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና አድርጎ ጠባብ መሬት ላይ ብዙ ሕዝብ የሚያኖረውን ጥበብና የተከበሩትን ደኖች የሚጠብቀውን የሽማግሌዎች ሥርዓት ጭምር ነው። ተመራማሪው ታደሰ ኪፔ ስለዚህ የመሬት አያያዝ እ.ኤ.አ. በ2002 በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ጥናት ርዕስ ላይ «የአምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነት?» ብሎ መጠየቁ ያለ ነገር አይደለም። ሶንጎ በተባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ስለ ዛፍና ስለ ድንበር የሚመክር ማኅበረሰብ ስለ ወንዝም ሊመክር ይችላል። መፈልፈያ ግን ለሶንጎው አዲስ እንግዳ ነው፤ ባለቤቱ ነጋዴ ወይም የኅብረት ሥራ ዩኒየን፣ ገበያውም ባሕር ማዶ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ብቻውን፣ ተቆጣጣሪውም ብቻውን አይበቁም፤ የዲላ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ የለገዳራን ውሃ በየሳምንቱ ለክቶ ውጤቱን በሶንጎውና በወረዳው ፊት ቢያነብ፣ ክርክሩ ከአሉባልታ ወጥቶ በቁጥር ላይ ይቆማል።

ይህን ሁሉ ለማሰናዳት የሚመቸው ጊዜ ክረምት ነው። ያኔ ሞተሮቹ ዝም ብለዋል፣ ገንዳዎቹ ባዶ ናቸው፣ ባለቤቶቹ ለመጪው ወቅት ማሽን ያስጠግናሉ፣ አልጋ ያሳድሳሉ። መፈልፈያው ለሥራ ብቁ መሆኑን ሊያይ የሚሄደው ባለሙያ ገንዳውንና አልጋውን ካየ በኋላ ከግቢው ጀርባ ወርዶ ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ፍሳሹ የሚረጋበት ጉድጓድ የት አለ? ከጉድጓዱ በታች ያለው ሣርስ ሥር ይዟል ወይ?